ስድስት ጨዋታ፣ አንድ ድል፦ ጥፋቱ የአሰላለፉ ነው ወይስ የአሰልጣኙ?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የምደግፈው ቡድን ዘንድሮ ስድስት ጨዋታ አድርጎ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። በሁለቱ አቻ ወጣን፣ በሦስቱ ተሸነፍን። አምስት ግብ አግብተን ዘጠኝ ገብቶብናል። አምና በ4-4-2 (አራት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሁለት አጥቂ) ተጫውተን ሰንጠረዡ መሐል ላይ ጨርሰን ነበር። የአምናው የግራ መስመር ተከላካይና የተከላካይ አማካይ ዘንድሮ የሉም። አዲሱ አሰልጣኝ ሲመጣ 3-5-2 (ሦስት ተከላካይ፣ አምስት አማካይ፣ ሁለት አጥቂ) አደረገው። ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር ስንገናኝ ግማሹ ‹ሦስት የመሐል ተከላካይ መደርደር ፍርሃት ነው› ይላል፣ ግማሹ ‹በሩን ክፍት መተው ነው› ይላል። አንዱማ ‹ከቴሌቪዥን ኮርጆ ነው ያመጣው› ብሎ ደምድሟል። ሁሉም የሚስማሙት ይባረር በሚለው ላይ ብቻ ነው። እኔ ግን ግራ ገብቶኛል። ችግሩ አሰላለፉ ነው? ወደ አምናው ብንመለስ ይስተካከላል? አሰልጣኙስ ይነሳ ወይስ እንታገሠው?»

ጠያቂው ዘጠኙ ግቦች በየትኛው ደቂቃና እንዴት እንደተቆጠሩ የሚያሳይ ማስታወሻ አያይዘዋል። የቡድኑንና የአሰልጣኙን ስም ትቼዋለሁ።

ምላሽ፦ ችግሩ የተከላካዮቹ ቁጥር አይደለም። ወደ 4-4-2 መመለስም አያድናችሁም፤ አሁን ባሏችሁ ተጫዋቾች እንዲያውም ሊብስባችሁ ይችላል። አሰልጣኙ እስከ አሥረኛው ጨዋታ ይቆይ፤ ነገር ግን አሁን በያዘው መንገድ ሳይሆን ጥቂት ነገሮችን ቀይሮ ነው። ስድስቱን ጨዋታዎች ሜዳ ተገኝቼ አላየኋቸውም፤ የምፈርደው በላኩልኝ ማስታወሻ ነው። ማስታወሻዎ ግን አንዳንድ ክለቦች ለቦርዳቸው ከሚያቀርቡት ሪፖርት ይሻላል።

በመጀመሪያ ክርክሩን ራሱን መልክ እናስይዘው። ከዚራ ላይ የሚነታረኩት ሁለቱ ወገኖች ያዩት አንድ ቡድን ነው፤ የሚለያዩት ባዩበት ደቂቃ ነው። በ3-5-2 ተጋጣሚ ኳስ ሲይዝ በግራና በቀኝ ጠርዝ የሚሮጡት ሁለቱ የመስመር ተመላላሾች ወደ ኋላ ያፈገፍጉና ከሦስቱ የመሐል ተከላካዮች ጋር አምስት ሆነው ይሰለፋሉ። ይህን ያየ «ፈሪ» ይላል። ኳስ የእናንተ ስትሆን ሁለቱም ወደፊት ይሄዳሉ፤ በዚያ ቅጽበት ኳሷ ከተነጠቀች ከኋላ የሚቀረው ሦስት ሰው ነው። ይህን ያየ ደግሞ «በሩን ክፍት ተወው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። 3-5-2 ወይም 4-4-2 የሚለው ቁጥር የሚነግረን ተጫዋቾቹ በግርድፉ የሚሰለፉበትን ቦታ ነው። ግብ የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኳስ በተነጠቀች በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ማን የት ነበር በሚለው ነው፤ ስለዚህ ደግሞ ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

«ከቴሌቪዥን ኮርጆ ነው» የተባለውም እንደ ክስ አይቆጠርም። ሁሉም አሰልጣኝ ይኮርጃል። ዋናው ጥያቄ የኮረጀው አሰላለፉን ብቻ ነው ወይስ አሰላለፉን የሚያሠሩትን ሰዎች ጭምር ነው የሚለው ነው። አንቶኒዮ ኮንቴ እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 2016 ቼልሲን ይዞ በአርሰናል 3 ለ 0 ሲሸነፍ በዚያው ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ሦስት ተከላካይ ዞረ። ከዚያ በኋላ 13 የሊግ ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፎ በ93 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ። ደጋፊ የሚያስታውሰው ይህን ነው። የሚረሳው ግን በቀኝ መስመር ከላይ እስከ ታች ሲመላለስ የዋለውን ቪክቶር ሞሰስን ነው፤ ከዚያ በፊት ሦስት የውድድር ዓመት ለሌሎች ክለቦች በውሰት ተሰጥቶ የነበረ ተጫዋች ነበር። በግራ ማርኮስ አሎንሶ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሁለት ሰው የሚያክለው ንጎሎ ካንቴ ነበሩ። ኮንቴ ያገኘው ቁጥር ሳይሆን ለቦታው የሚሆኑ ሰዎችን ነው።

ተቃራኒውም አለ። ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዓመት የተገኘውን የሌስተርን ዋንጫ የሚያስታውስ ሰው፣ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2015 መስከረም ወር መጨረሻ በሜዳው በአርሰናል 5 ለ 2 እንደተሸነፈ ላያስታውስ ይችላል። አሰልጣኙ ክላውዲዮ ራኒየሪ ከዚያ ሽንፈት በኋላ 4-4-2ውን አልነካውም። የነካው ሁለቱን የመስመር ተከላካዮች ነው፤ ወደፊት መሄድ የሚወዱትን አስቀምጦ መጠበቅ የሚወዱትን ዳኒ ሲምፕሰንንና ክርስቲያን ፉክስን አስገባ። ሜዳው ላይ የተሳለው ቅርጽ ያው ነው፣ የሚገባበት ግብ ግን ቀነሰ። የእናንተን ቡድን መድኃኒት ስፈልግ የማየው ከኮንቴ ይልቅ ወደዚህ ነው።

አሁን ወደ ዘጠኙ ግቦች። በማስታወሻዎ መሠረት አራቱ የገቡት ከመስመር ተመላላሾቹ ጀርባ በተላከ ኳስ ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ በግራ በኩል። ሦስቱ ከቆመ ኳስ ማለትም ከማዕዘንና ከቅጣት ምት፣ አንዱ በፍጹም ቅጣት ምት፣ አንዱ በግብ ጠባቂ ስህተት። ስድስቱ የተቆጠሩት ደግሞ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። እኔ ብሆን ከዚራ ላይ ስለ ሦስትና ስለ አራት ተከላካይ የሚባለውን ሁሉ ትቼ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ብቻ እከራከር ነበር፦ ግራ መስመርና ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ።

በስድስተኛው ጨዋታ በ71ኛው ደቂቃ የገባባችሁን እንመልከት፤ እርስዎ በደንብ ስለጻፉት። የግራው ተመላላሽ ተጋጣሚ ሳጥን አጠገብ ደርሶ ኳስ አሻገረ፤ ኳሷ በጭንቅላት ተመለሰች። በዚያ ሰዓት የቀኙም ተመላላሽ የሩቁን ቋሚ ፍለጋ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ከተከላካዮቹ ፊት መቆም የነበረበት የተከላካይ አማካይ ሁለተኛውን ኳስ ለመልቀም ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ የተመለሰችው ኳስ አማካይ ክልል ስትደርስ የሚቀበላት የለም። በአንድ ቅብብል ወደ ግራ መስመራችሁ ተላከች፤ የግራው የመሐል ተከላካይ ሊዘጋ ወደ መስመር ወጣ፣ የመሐለኛው የእሱን ቦታ ሊሸፍን ተጎተተ፣ የቀኙ ብቻውን ከሁለት አጥቂዎች ጋር ቀረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሕፃንም ይገምተዋል። እዚህ ላይ ሦስት ተከላካይ መሆኑ አይደለም ያስገባው። ሁለቱ ተመላላሾች በአንድ ጊዜ መሄዳቸውና የተከላካይ አማካዩ ቦታውን መልቀቁ ነው ያስገባው። ተከላካዮቹ አራት ቢሆኑና ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች እንደዚሁ አብረው ቢወጡ፣ ከኋላ የሚቀሩት ሁለት ናቸው።

«ወደ አምናው እንመለስ» የሚለው ሐሳብ የሚወድቀውም በዚሁ ነው። ደብዳቤዎ መሐል ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ የአምናው የግራ መስመር ተከላካይና የአምናው የተከላካይ አማካይ ዘንድሮ የሉም። ለእኔ የደብዳቤው ፍሬ እሷ ናት። ግራ መስመር ላይ አሁን የምታሰልፉት በተፈጥሮው የክንፍ አጥቂ የሆነ ወጣት ነው። 4-4-2 ብታደርጉት ይኸው ልጅ ከኋላው ሦስተኛ የመሐል ተከላካይ ሳይኖረው፣ ብቻውን መስመሩን ሊጠብቅ ነው። መሐል ላይ ደግሞ በሦስት አማካይ እንኳ ያልተሸፈነው ቦታ ለሁለት ይቀራል። የአምናው አሰላለፍ የሠራው በአምናዎቹ ሰዎች ነበር። ሰዎቹን የለቀቀው፣ አሰልጣኙንም ልምምድ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያስፈረመው አካል ሳይነሳ፣ አሰላለፉንና አሰልጣኙን ብቻ መደብደብ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

የቆሙት ኳሶች ነገር አጭር ነው። በብዙ ሊጎች ከሚቆጠሩ ግቦች ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ከቆመ ኳስ የሚመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ከዘጠኝ ሦስት ብዙ የሚያስደነግጥ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ የገቡት በቅርቡ ቋሚ ላይ ማንም ሳይነካት ባለፈች ኳስ መሆኑን ጽፈዋል። ይህ የልምምድ ጉድለት ነው፤ በሁለት ሳምንት ይስተካከላል፤ ካልተስተካከለ ግን አሰልጣኙ የሚጠየቅበት ነው። በፍጹም ቅጣት ምቱና በግብ ጠባቂው ስህተት ጊዜ አላጠፋም።

ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ስለገቡት ስድስት ግቦች ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም ድሬዳዋ ነን። በ3-5-2 ከሁሉም በላይ የሚሮጡት ሁለቱ ተመላላሾች ናቸው፤ አንድ ሰው የመስመር ተከላካይም የክንፍ አጥቂም ሆኖ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። ይህን በድሬዳዋ የከሰዓት ፀሐይ ማድረግ ሌላ ነው። ሰውነት ሲግል ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፤ ለጡንቻ የሚቀረው ይቀንሳል፤ ልብ በዚያው ሩጫ ላይ በፍጥነት ይመታል። ተጫዋቹ ወደፊት የሚሄድበትን ጉልበት አያጣም፣ ደጋፊው ያበረታዋል፤ ወደ ኋላ የሚመለስበትን ነው የሚያጣው። ከሦስቱ ሽንፈቶቻችሁ ሁለቱ ደግሞ ደጋ ላይ በተደረጉ ጨዋታዎች የመጡ ናቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቆላ ለምዶ ደጋ የሚወጣ ቡድን አየሩ ስለሚሳሳበት ከአንድ ፈጣን ሩጫ በኋላ ለማገገም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሰኔና ሰኞ ገጥሞባችኋል፤ በሜዳችሁ ሙቀቱ፣ ከሜዳችሁ ውጭ ከፍታው፣ ሁለቱም የሚመቱት ያንኑ ተመላላሽ ነው። ከመጋቢት በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ ስለዚህ «ጊዜ ያስተካክለዋል» ብሎ መተው አያዋጣም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የአሁኑ የጨዋታ ሕግ ውድድሮች አምስት ተጫዋች በሦስት አጋጣሚ እንዲቀየር፣ እረፍት ላይ የሚደረገውም ሳይቆጠር፣ እንዲፈቅዱ ያስችላል። አሰልጣኙ ግን የመጀመሪያውን ቅያሪ የሚያደርገው 75ኛው ደቂቃ አካባቢ መሆኑን ጽፈዋል። እዚህ ላይ ከደጋፊው ጋር ነኝ፤ ይህ ጥፋት የአሰልጣኙ ብቻ ነው። ተመላላሾቹ፣ ቢያንስ የግራው፣ በ60ኛው ደቂቃ መቀየር አለባቸው፤ ቢደክምም ባይደክምም። ደክሞ እስኪታይ መጠበቅ ግቡ እስኪገባ መጠበቅ ነው። በሙቀት ጨዋታን ማንበብ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ሆላንድ ከሜክሲኮ ፎርታሌዛ ላይ ያደረጉትን ይመልከት። ሆላንድ በአምስት ተከላካይ ጀምሮ 1 ለ 0 እየተመራ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ አሰልጣኙ ሉዊ ቫን ኻል ወደ 4-3-3 ቀየረው፤ ለሙቀቱ ሲባል በተሰጠው የውኃ እረፍት ደግሞ ቡድኑን ሰብስቦ ዳግመኛ ለወጠው፤ በ88ኛው ደቂቃ ስናይደር አቻ አደረገ፣ በጭማሪው ሰዓት ሁንትላር በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ። አሰላለፍ የማይነካ ታቦት አይደለም፣ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሁለቴም ይቀየራል። የሚቀየረው ግን ሜዳው ላይ የታየ ነገር ሲያስገድድ ነው።

ወደ ይባረር እንምጣ። ስድስት ጨዋታ ትንሽ ነው። ይህን ስል ደጋፊ ሁሉ «ፈርጉሰንንም ታግሠውት ነበር» ብሎ ያግዘኛል፤ እገዛውን አልፈልገውም። ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ማንቸስተር ዩናይትድ ገብቶ የመጀመሪያውን ዋንጫ እስከ 1990፣ የሊጉን ዋንጫ ደግሞ እስከ 1993 መጠበቁ እውነት ነው። ነገር ግን ታግሠዋቸው ቡድን ይዘው የወረዱትን አሰልጣኞች ስም ማን ያስታውሳል? በአንድ የተሳካለት ሰው ትዕግሥትን ማስረዳት አይቻልም። የሚሻለው ማስረጃ ሌላ ነው። በሆላንድ ከፍተኛ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 በነበሩት 18 የውድድር ዓመታት የተካሄዱ ስንብቶችን ያጠና ሥራ አለ። አሰልጣኝ የተባረረባቸው ቡድኖች ከስንብቱ በኋላ ውጤታቸው ተሻሽሏል። የሚገርመው፣ በተመሳሳይ ደረጃ ወድቀው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩ ቡድኖችም በዚያው ልክ ተሻሽለዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ከአቅሙ በታች በወረደበት ሰዓት ነው፤ ከአቅም በታች የወረደ ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ልኩ ይመለሳል። አዲሱ አሰልጣኝ የሚመለሰውን ውጤት ተቀብሎ ይመሰገንበታል።

የእናንተን ክርክር የሚመስል ጉዳይ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2017 ክሪስታል ፓላስ ላይ ሆኗል። ፍራንክ ደ ቦር ሦስት ተከላካይ ይዞ መጣ፣ አራት የሊግ ጨዋታ ያለ አንድ ግብ ተሸነፈ፣ ተባረረ። ሮይ ሆጅሰን ተተካ፣ አራት ተከላካይ መለሰ፤ እሱም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ያለ አንድ ግብ ተሸነፈ። የመጀመሪያው ድል የመጣው በጥቅምት በቼልሲ ላይ ነው፤ በዚያ ጨዋታ በመክፈቻው ዕለት ተጎድቶ የነበረው ዊልፍሬድ ዛሃ ተመልሶ አሸናፊዋን ግብ አገባ። ፓላስ ዓመቱን 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። «ማባረሩ አዳነን» የሚል ደጋፊ አለ፤ እኔ የዛሃን ጉልበት መዳን ነው የማየው። እ.ኤ.አ. በ2021 አርሰናልም የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሊግ ጨዋታዎች ተሸንፎ፣ ምንም ሳያገባ፣ ልክ እንደ እናንተ ዘጠኝ ገብቶበት ከሰንጠረዡ ግርጌ ነበር። አሰልጣኙን አርቴታን አላባረሩም። አዲስ ግብ ጠባቂና አዲስ የቀኝ መስመር ተከላካይ ገቡ፣ ቡድኑ በ69 ነጥብ 5ኛ ሆነ።

ማባረር ፈጽሞ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ቶተንሃም እ.ኤ.አ. በ2008 ከስምንት ጨዋታ ሁለት ነጥብ ይዞ ሁዋንዴ ራሞስን አሰናበተ፣ ሃሪ ሬድናፕን አመጣ፣ 8ኛ ሆኖ ጨረሰ። ልዩነቱ የተጫዋቾቹ ጥራት ቀድሞውኑ መኖሩ ነው፤ የጎደለው የሚያደራጃቸው ነበር። የእናንተ ቡድን ግን የጎደለው ሰው ነው፤ የግራ መስመር ተከላካይና የተከላካይ አማካይ። አሰልጣኙ ቢባረር የቀሪ ውሉ ክፍያ ይመጣል፣ በዚያ ገንዘብ ሊመጣ የሚችለው ተጫዋች ይቀራል፣ አዲሱ አሰልጣኝ ያንኑ ልጅ ግራ መስመር ላይ ያገኘዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «መልበሻ ቤቱን አጥቶታል» የሚለው ወሬ ትክክል ከሆነ የተናገርኩት ሁሉ ይፈርሳል፤ ተጫዋቾች የማይሰሙትን አሰልጣኝ ታክቲክ አያድነውም። ነገር ግን ይህ ወሬ በተጫዋች የአጎት ልጅ በኩል ሲመጣ አይታመንም፤ አሰላለፍ ውስጥ ያልገባ ተጫዋች ሁልጊዜ መልበሻ ቤቱ ፈርሷል ባይ ነው። የሚታየው ሜዳ ላይ ነው፦ ግብ ከገባባችሁ በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ተጫዋቾቹ ኳስ ይጠይቃሉ ወይስ ይደበቃሉ? በሁለተኛውና በአምስተኛው ጨዋታ ተመርታችሁ አቻ መውጣታችሁን ጽፈዋል። የተበተነ ቡድን እንዲህ አያደርግም።

ስለዚህ የማያወላዳው ምክሬ ይህ ነው። ሦስቱ የመሐል ተከላካዮች ይቆዩ። ከሁለቱ ተመላላሾች አንዱ ሲሄድ አንዱ ይቅር፤ የሚሄደው የቀኙ ይሁን፣ የግራው ልጅ ከመሐል መስመር ብዙ እንዳይርቅ ይታዘዝ፤ የማጥቃት ፍላጎቱን በጭማሪ አጥቂነት በሌላ ጨዋታ ያውጣው። ከሦስቱ አማካዮች አንዱ ኳስ የትም ብትሆን ከመሐል ተከላካዮቹ ፊት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሜትር እንዳይለቅ ይደረግ፤ ሁለተኛ ኳስ ፍለጋ ሳጥን ጠርዝ የሚሄደው ሌላው ይሁን። በድሬዳዋ በምታደርጓቸው ጨዋታዎች ከፊት የሚደረገው ጫና ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎችና ከእረፍት መልስ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይሁን፤ በቀረው ጊዜ ወደ መሐል ሜዳ ወርዶ ጠብቆ መጫወት ነው፤ ደጋ የለመደው እንግዳ ቡድን ፀሐዩን ራሱ ይሸከመው። ቅያሪው በ60ኛው ደቂቃ። የማጥቃቱ ነገር ይጎዳል፣ አዎን፤ ለጥቂት ሳምንታት 1 ለ 0 እና 0 ለ 0 ታያላችሁ፣ ከዚራም «አሰልቺ» ይላል። ይበል።

መሻሻሉን በነጥብ አትለኩት፤ በአራት ጨዋታ ነጥብ ያታልላል። እርስዎ መጻፍ ስለሚወዱ ወረቀቱን በሁለት ዓምድ ይክፈሉት። በአንዱ እናንተ፣ በሌላው ተጋጣሚ ያገኛችኋቸውን ያለቀላቸው የግብ ዕድሎች ይጻፉ፣ ግብ ሆነም አልሆነም። ያለቀለት የምለው ከሳጥን ውስጥ፣ ከግብ ጠባቂው በቀር ፊቱ ማንም ሳይኖር ወይም በነጻነት የተመታውን ነው። ከ30 ሜትር ተመትቶ ቋሚ የመለሰው አይገባም፣ ደጋፊው ቢጮህም። ባለሙያዎች ይህንኑ በኮምፒውተር ያሰላሉ፤ ለእያንዳንዱ ምት ከየት እንደተመታ አይተው ግብ የመሆን ዕድሉን ይሰጡታል። ፍጹም ቅጣት ምት 100 ጊዜ ቢመታ ከ75 እስከ 80 ያህሉ ይገባል፤ ከሳጥን ጠርዝ የሚመታው ግን ከ100 ጥቂቱ ነው የሚገባው። በእጅ የሚያዘው ዓምድ ያን ያህል አይራቀቅም፤ ለውሳኔ ግን ይበቃል። ደቂቃውንም ይጻፉ፣ በተለይ ከ60ኛው ወዲህ ያለውን።

በአሥረኛው ጨዋታ ማብቂያ በተጋጣሚ ዓምድ ያለው ቁጥር ከቀነሰ አሰልጣኙ ሠርቷል ማለት ነው፣ ነጥቡ ገና ባይመጣም። ካልቀነሰ ግን ማስተካከያው ተሞክሮ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ጭራሽ ካልተሞከረ ሌላ ነው። ሞክሮ ካልሠራለት የአጋማሽ ዝውውር እስኪከፈት ጠብቁና ሁለቱን ሰዎች ፈልጉ። ሳይሞክር በዚያው ከቀጠለ፣ በ75ኛው ደቂቃ መቀየሩን፣ ሁለቱንም ተመላላሾች አብሮ መላኩን ካልተወ፣ ያኔ በአጋማሹ እረፍት ይሰናበት፣ እኔም እፈርምበታለሁ። አሰልጣኝ የሚባረረው ተሸንፎ ሳይሆን ከሽንፈቱ ሳይማር ሲቀር ነው።

ስለ ድሬዳዋ ደጋፊ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም «ደጋፊው አያውቅም» የሚሉ ሰዎችን አልወድም። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲካሄድ ሁለተኛው ምድብ የተጫወተው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፦ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ እንዲሁም የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየር። ሞሮኮ ከዚህ ምድብ አልፎ ዋንጫውን ወሰደ። ያን ቡድን በዓይናቸው ያዩ አባቶች ዛሬም ከተማው ውስጥ አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ከዚራ ላይ የሚከራከሩት ከባዶ ሜዳ ተነሥተው አይደለም። የማየው ጉድለት የእውቀት ሳይሆን የአቅጣጫ ነው፤ ዓይን ሁሉ ኳሷን ይከተላል። በሚቀጥለው ጨዋታ ቡድናችሁ ሲያጠቃ ለአሥር ደቂቃ ያህል ኳሷን ትታችሁ ከኋላ የቀሩትን ሰዎች ብቻ ቁጠሩ።

የግራ መስመሩን ልጅ መስደብም ይቁም። ከጥላው በኩል ባለው መቀመጫ ሥር ስለሚጫወት ሁሉንም ይሰማል፤ ሲሰደብ ደግሞ ስህተቱን ለማካካስ ወደፊት ይሄዳል፣ ከኋላው ያለው ቦታ ይበልጥ ይከፈታል። የሚሰማውን ስድብ ለሚመለከተው ቦርድ በጽሑፍ አቅርቡት፤ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የሁለቱን ተጫዋቾች መልቀቅ ማን ወሰነ? አሰልጣኙ ለምን ያን ያህል ዘግይቶ ፈረመ? ለአጋማሹ ዝውውር የተያዘ ገንዘብ አለ ወይስ የለም?